ካርዱ በስንት ቀን ይቆረጣል?

ቂርያት ጋት ባደግንበት ሰፈር እናቶቻችን ዛሬም እቁብ ይጥላሉ። ያጓደለ ሰው ስሙ በሠርግም በለቅሶም ስለሚነሣ ማንም አያጓድልም። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሳታጓድል የጣለች እናት ማሽካንታ ልትጠይቅ ባንክ ስትገባ፣ ያ ታማኝነቷ በየትኛውም መዝገብ አይገኝም። ባንኩ የሚያየው ሌላ ነው።

እሱም የአሽራይ መረጃ መዝገብ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ፤ መዝገቡ ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ በእስራኤል ባንክ ሥር ይሠራል። ብድራችን፣ የሚኑስ ጣሪያችን፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የተመለሰ ቼክ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ብድር ስንጠይቅ አበዳሪው በፈቃዳችን ሪፖርት ያስመጣል፤ ያለፉትን ሦስት ዓመታትም ያያል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የካርድ ሂሳብ ሲመጣላቸው ራሳቸው ይከፍላሉ። እዚህ ግን በተለመደው ካርድ የወሩ ወጪ በአንድ ቀን ከባንክ ሂሳባችን በራሱ ይቆረጣል። ስለዚህ ችግራችን መርሳት አይደለም፤ ቀኑ ነው። ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ የሚያስገቡት በወሩ 9 ወይም 10 ነው። ካርዱ በ2 ከተቆረጠ ተማሪው አንድ ሳምንት በሚኑስ ይቆያል፣ ወለድም ይከፍላል። ከሚኑሱ ጣሪያ ካለፈ ደግሞ ባንኩ ክፍያውን ሊመልሰው ይችላል። ካርዱ ይታገዳል፤ ዕዳው ከቆየ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ከመካከላችን አንዷ ይህ ደርሶባታል፤ ገንዘብ አጥታ ሳይሆን ገንዘቡ ስለዘገየ ብቻ። መፍትሔው አንድ ስልክ ነበር፦ ካርድ ኩባንያው ደውላ መቁረጫውን ወደ 15 አዛወረችው።

ታሽሉሚም ላይም እንጠንቀቅ። ያለ ወለድ ቢሆንም የ300 ሰቅል ክፍያ አራት ቦታ ከተከፈለ በየወሩ 1,200 ሰቅል ገና ሳንነካው ሄዷል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ወላጆቻችን ሱፐርማርኬት በር ላይ የሚፈርሙት ካርድ ነው። «በወር 500 ብቻ ትከፍያለሽ» ሲባል ደስ ይላል። ወጪው 2,400 ከሆነ ግን ቀሪው 1,900 ከነወለዱ ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል፤ በዚያ ላይ የአዲሱ ወር ወጪ ይጨመራል። ይህ እንግዲህ ብድር ነው፤ በዕብራይስጥ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ግን ብድር አይመስልም። ሻጩ ፈገግ እያለ ሲያስፈርም ማን ቆሞ ያነባል?

የራስን ሪፖርት በዓመት አንድ ጊዜ ከእስራኤል ባንክ በነፃ ማግኘት ይቻላል፤ ስልኩ *6194 ነው። በሰንበት ማግሥት ከእናታችን ጋር ቡና ስንጠጣ የእሷንም አብረን እንክፈተው። የተዘጋ ብድር እንዳልተዘጋ፣ የተከፈለ ዕዳ እንዳልተከፈለ ተጽፎ ካገኘን እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለን፤ ይህንንም ማሽካንታ ከመጠየቃችን ከብዙ ወራት በፊት ማድረግ ነው።