ምጣዱ ሲግል፦ በምርጥ ምድጃ እሳትን መቆጣጠር

በጉልቻ ስትጋግር የኖረች ባለሙያ ምርጥ ምድጃ በገዛች ሰሞን እንጀራ ቢያርባት አይገርምም። ችግሩ ያለው የለመደችው የማገዶ መጠን ላይ ነው። በጉልቻ አብዛኛው ሙቀት በየጎኑ ያመልጣል፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፑሚስ የተሠራው የምርጥ ግድግዳ ግን እሳቱን ከቦ ይይዝና ወደ ምጣዱ ሥር ይመልሰዋል። እንጨት በግማሽ ገደማ የሚቆጥበውም በዚሁ ነው። በድሮው ልክ ከማገዱበት ምጣዱ ይግላል።

ሌላው ነገር የሸክላው ጠባይ ነው። ምጣድ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎም ይለቃል። አሁን የጨመራችሁት ፍልጥ የሚታወቃችሁ ከአንድ ወይም ከሁለት እንጀራ በኋላ ነው። ስለዚህ እሳቱን ስትነኩ የሚቀጥለውን እንጀራ አስቡ።

1. ከመለኮሳችሁ በፊት የቀደመውን አመድ ጥረጉ፣ ፍልጡንም ከእጅ አንጓ ቀጠን አድርጋችሁ አዘጋጁ። ወፍራም ግንድ አንዴ ከተያያዘ ለመሳብ ያስቸግራል፣ ብዙ ፍምም ይጥላል። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቦግ ይላል፤ ለማቀጣጠያ ጥሩ ነው፣ በጋገራ መሀል ግን አትጨምሩት።

2. ምጣዱን በመካከለኛ እሳት አሙቁት። ቸኩሎ በትልቅ ነበልባል ማሞቅ መሀሉን አግሎ ዳሩን ቀዝቃዛ ይተወዋል፤ በእኔ ግምት የብዙ እንጀራ ብልሽት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሲሞቅ በጎመን ዘር አሰሱትና መሀሉና ዳሩ ላይ ጥቂት ሊጥ ጠብ አድርጉ። ሁለቱም ቦታ ላይ ሊጡ ረጋ ብሎ ዓይን ካወጣ ጀምሩ።

3. መጋሉን ቀድማችሁ ለዩ። እንጀራው እስኪያር መጠበቅ አያስፈልግም። ሊጡን ከዳር ጀምራችሁ ስታዞሩ ገና መሀል ሳትደርሱ ዳር የፈሰሰው ደርቆ ዓይን ካወጣ ምጣዱ ግሏል ማለት ነው። ቀጥሎ የፈሰሰው ከበፊቱ ጋር መዋሃድ ያቅተውና መጋጠሚያው ላይ ወፍሮ ይቀራል። ዓይኑ ትልልቅና የተበጣጠሰ ይሆናል፤ ላዩ ሳይበስል ሥሩ ይቀላል፣ ጫፉም ቀድሞ ይሸበሸባል። ሌላው ምልክት ጎመን ዘሩ ነው፤ ገና ምጣዱን ሲነካ ጢስ ካበዛ ሊጥ አታፍሱበት።

4. ከጋለ በዚህ ቅደም ተከተል አብርዱት። መጀመሪያ የሚነደውን ፍልጥ ወደ ምድጃው አፍ ሳቡት፤ ከብዙ እንጨት ውስጥ አንዱን ወይም ሁለቱን ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ያወጣችሁትን ወዲያው አመድ ወይም አሸዋ ውስጥ ቅበሩት፣ ልጆችና የነጠላ ጫፍ አጠገቡ እንዳይደርሱ። ከዚያ መሀል የተከመረውን ፍም በመቆስቆሻ ወደ ጎን ወደ ጎን በትኑት። አክንባሎውን አንስታችሁ ምጣዱን ጥቂት ደቂቃ ክፍት ተዉት። ያረረ ቅሪት ካለ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጢሱ ሲያርፍ በጎመን ዘር አሰሱና በጠብታ ሊጥ እንደገና ፈትኑ።

ውኃ ግን አትርጩ። የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያርፍ ያ ቦታ በድንገት ይኮማተራል፣ ዙሪያው ግን ገና እንደጋለ ነው፤ ምጣዱ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ማበስም ጉዳቱ ያው ነው። ደህና አድርጎ የተሟሸ ምጣድ በቀላሉ አይገኝምና ጥቂት ደቂቃ መታገሥ አቅቶን ልናጣው አይገባም። የምድጃውን አፍ ድፍን አድርጎ መዝጋትም መፍትሔ አይደለም፤ አየር ሲያጣ እሳቱ ይታፈንና ቤቱን ጢስ ይሞላዋል።

5. አንዱ ጎን ብቻ ከጋለ ፍሙን ከዚያ ጎን አንሱ። ነበልባል ወደ ጢስ መውጫው ስለሚሳብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚግለው የኋላው ጎን ነው፤ ፍልጡን ወደ ውስጥ ጠልቆ ከማስገባት ወደ አፉ ቀረብ አድርጎ ማንደድ ይረዳል። ጢስ መውጫው ላይ ድስት ከጣዳችሁ መተላለፊያው ድፍን እንዳይል ተመልከቱ።

6. ሊጡ ለአራት ለአምስት እንጀራ ሲቀር ማገዶ መጨመር አቁሙ። ግድግዳውና ሸክላው የያዙት ሙቀት፣ ከፍሙ ጋር፣ የቀሩትን ያበስላል። ጋገራው ሲያልቅ ምጣዱ እዚያው እንዳለ ይብረድ፤ ትኩሱን አንስታችሁ ቀዝቃዛ መሬት ላይ አታስቀምጡት። የተረፈውን ፍም በአመድ አልብሱት ወይም ደጅ አውጥታችሁ አጥፉት። ቤት ለማሞቅ ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት የሚገድል ነገር ነው፤ ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።