ያለውን ኮምፒውተር በነጻ ማሻሻል

መሐል ሜዳ ላይ የተጻፈ ሪፖርት ደብረ ብርሃን ባለው የዞን ቢሮ ሲከፈት አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ሆሄና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ መታየቱ ለቢሮ ሠራተኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከዞን ይደወላል፤ «የላካችሁት አይነበብም» ይባላል። ጸሐፊዋ ሪፖርቱን አትማ፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልካለች። ዞን ያለው ባለሙያ ደግሞ ፎቶውን እያየ እንደ አዲስ ይተይበዋል። አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ተሠራ፣ በመካከሉም ቁጥር ተሳሳተ። ይህን ድካም የሚያስቀረው ሶፍትዌር አንድ ብር አይጠይቅም።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ወረዳዎች ብዙ ቢሮ አዲስ ኮምፒውተር እስኪገዛለት ይጠብቃል። ፎቶኮፒ ቤት የከፈቱ ወጣቶችም ሥራው የማይሳለጠው ማሽኑ ስላረጀ ይመስላቸዋል። ባየሁት መጠን ግን ሥራውን የሚያጓትተው በአብዛኛው ማሽኑ ሳይሆን በላዩ ያልተጫኑ ወይም አላግባብ የተጫኑ ጥቂት ነገሮች ናቸው። እነዚህ በነጻ የሚገኙ፣ በሕግም የተፈቀዱ ናቸው።

ከፊደሉ እንጀምር። እንደ ቪዥዋል ግዕዝና የቀድሞው ፓወር ግዕዝ ያሉት ሶፍትዌሮች በተሠሩበት ዘመን ኮምፒውተሩ ለግዕዝ ፊደል የተመደበ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ሆሄ ቦታ ላይ አስቀመጡት። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ሆሄ ነው፤ በስክሪኑ ላይ «ሀ» አድርጎ የሚያሳየው ማሽኑ ላይ የተጫነው ፊደል (ፎንት) ብቻ ነው። ያ ፊደል በሌለበት ማሽን ላይ የተደበቀው ላቲን ይወጣል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር አሰጣጥ ግን በ3ኛው ስሪቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ለግዕዝ ፊደላት ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷቸዋል። በዩኒኮድ የተጻፈ ደብዳቤ ዓለም ከተማም፣ አዲስ አበባም፣ ስልክ ላይም አንድ ዓይነት ሆኖ ይነበባል። በስም መፈለግና በፊደል ተራ መደርደር የሚቻለውም ያኔ ነው።

የእናንተ ፋይል የትኛው እንደሆነ በደቂቃ ይለያል። ጽሑፉን ምረጡና የፊደሉን ዓይነት ወደ ኒያላ ወይም ወደ ኢብሪማ ቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ከተለወጠ የድሮው ዓይነት ነው።

በዩኒኮድ ለመጻፍ ሦስት መንገድ አለ። ዊንዶውስ 10 እና 11 የራሳቸው የአማርኛ ገበታ አላቸው፤ በሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ ከሚጨመርበት ቦታ አማርኛን መርጦ ማከል ይበቃል። ከዚያ የዊንዶውሱን ቁልፍ ከስፔስ ጋር በመጫን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀያየራል። እኔ ይበልጥ የምመክረው ግን ኪይማን የተባለውን ነው። ኤስአይኤል የተባለ ድርጅት የሚያዘጋጀው ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን፣ በላዩ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሠራው የአማርኛ ገበታ ይጫናል። አጻጻፉ በድምፅ ነው፦ የእንግሊዝኛውን ኤስ ብቻ ስትነኩ «ስ» ይወጣል፣ ኢን ስታስከትሉ «ሰ»፣ ኤን ስታስከትሉ «ሳ» ይሆናል። ትልቁ ቲ «ጥ»ን፣ ትልቁ ሲ «ጭ»ን፣ ትልቁ ኤስ «ጽ»ን ይሰጣል። ሦስተኛው መንገድ በፓወር ግዕዝ ለዓመታት እጃቸውን ላፍታቱ ጸሐፊዎች ነው። እነሱን አዲስ ገበታ ልመዱ ማለት ፍጥነታቸውን መንጠቅ ነው፤ አያስፈልግም። ፓወር ግዕዝም የዩኒኮድ ፊደል አለው፤ እሱን መርጠው የለመዱትን ገበታ ይዘው መቀጠል ይችላሉ። ለኅትመት ያማረ ፊደል የሚፈልግ አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ የተባሉትን ፊደላት ይጫን፤ ሁለቱም በነጻ የሚሰራጩ ናቸው።

በድሮው ፊደል ተጽፈው የተከማቹትን ፋይሎች አትጣሏቸው። የድሮው ፊደል ተጭኖበት ያለውን ማሽን ሳታፈርሱ፣ አስፈላጊዎቹን ሰነዶች እዚያው ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሯቸው። ፒዲኤፉ ፊደሉን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል። ፊደል ተጭኖበት የነበረው ማሽን ተበላሽቶ ከተጣለ በኋላ ግን ነገሩ አስቸጋሪ ነው። ሌላውን ምክር ሁሉ ለነገ ብታሳድሩትም ይህን ብቻ ዛሬ አድርጉ።

ቀጥሎ የቀን ጉዳይ አለ። ይህ ማንም የማይናገርለት፣ ነገር ግን የቁጠባና ብድር ማኅበራትንና የገቢዎችን መዝገብ የሚያበላሽ ነገር ነው። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ቀን አስቀድሞ በሚጽፍ ማሽን ላይ ጥቅምት 20 ቀን 2017ን «20/2/2017» ብላችሁ ብታስገቡ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 20 አድርጎ ይቀበለዋል። «30/2/2017» ብትሉት ግን ፌብሩዋሪ 30 የለምና ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። በአንድ አምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል፤ ሲደረደርም ይበታተናል። ጳጉሜን ደግሞ የባሰ ነው፦ ወርን አስቀድሞ እንዲያነብ በተስተካከለ ማሽን ላይ «5/13/2016» ማለት ሜይ 13 ነው። ሠራተኛው ምንም ሳያጠፋ ጳጉሜን 5 የገባው ክፍያ በግንቦት ይመዘገባል።

መፍትሔው ሶፍትዌር እንኳ አይፈልግም። ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት አምዱን ወደ ጽሑፍ ዓይነት ቀይሩት፤ ከዚያ ዓመቱን አስቀድማችሁ፣ ወሩንና ቀኑን በሁለት በሁለት አኃዝ ጻፉ፦ 2017-02-30፣ 2016-13-05። እንዲህ የተጻፈ ቀን ያለ ስሕተት ይደረደራል። የወለድ ቀን ለመቁጠር ደግሞ አቆጣጠራችን ራሱ ሥራውን ያቀለዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ባሉ ሁለት ቀናት መካከል የወሩን ልዩነት በ30 አባዝታችሁ የቀኑን ልዩነት ደምሩበት። ከጥቅምት 10 እስከ ጥር 25 ሦስት ጊዜ 30፣ ሲደመር 15፣ 105 ቀን ነው። በፈረንጆቹ ወር እንዲህ ቀላል አይደለም።

ስምም እንደ ቀን ነው። ለኮምፒውተሩ «ኃይለ»፣ «ሃይለ» እና «ሐይለ» ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በአንዱ የተመዘገበ ገበሬ በሌላው ሲፈለግ «የለም» ይባላል፣ ከቀበሌው ድረስ በእግሩ መጥቶም ይመለሳል። ስለዚህ የስሙ አጻጻፍ መታወቂያው ላይ ያለው ይሁን፤ ቢሮው ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ሁሉ በዚህ ይስማሙ።

ስለ ጽሑፍና ሠንጠረዥ ማዘጋጃው ልናገር። በብዙ ማሽን ላይ ያለው ማይክሮሶፍት ኦፊስ በክራክ የተጫነ ነው። ክራኩን ለመጫን ጸረ ቫይረሱ እንዲጠፋ ይጠየቃል፤ ማሽኑ የሚበከለውም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ሊብሬ ኦፊስ በነጻ የሚገኝ፣ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን የሚከፍትና የሚያስቀምጥ፣ ምናሌውንም በአማርኛ ማድረግ የሚቻልበት ነው። ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም፦ የተወሳሰበ የኤክሴል ቅጽ፣ በተለይ ማክሮ ያለበት፣ በትክክል ላይሠራ ይችላል። ከበላይ አካል እንዲህ ያለ ቅጽ የሚመጣላችሁ ከሆነ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ኦፊስ ያለበት አንድ ማሽን ለይታችሁ አስቀምጡ። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ፈተናና ማመልከቻ ግን ሊብሬ ኦፊስ ላይ ያለ ችግር ይሠራል።

መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ በሚጠፋበት አገር አንድ ማስተካከያ መዘንጋት የለበትም። ሊብሬ ኦፊስም ሆነ ዎርድ የመልሶ ማግኛ ቅጂ የሚያስቀምጡት በየ10 ደቂቃው ነው። ከኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ ወደ 2 ደቂቃ ዝቅ አድርጉት።

የወረቀት መዝገብ ለሚያስተዳድሩ፣ በተለይ የመሬት አስተዳደርና የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ ናፕስ2 የተባለው የስካነር ሶፍትዌር ትልቅ ነገር ነው። የስካነሩ ድራይቨር እስከተጫነ ድረስ ከአብዛኞቹ ስካነሮች ጋር ይሠራል፤ ገጾችን አሰባስቦ አንድ ፒዲኤፍ ያደርጋል። ከዚህም በላይ ቴሰራክት የተባለውን ፊደል አንባቢ ስለሚጠቀም የአማርኛውን ክፍል አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ካወረዳችሁለት በኋላ የታተመ አማርኛን ያነባል፤ ፒዲኤፉ ውስጥም በቃል መፈለግ ይቻላል። በድሮው ፊደል ታትመው የተቀመጡ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ ለማምጣትም ይረዳል። በእጅ የተጻፈን አያነብም፤ የደበዘዘ ኅትመት ላይም ይሳሳታልና ቁጥርና ስም ያለበትን ሁሉ በዓይን ማረም ግድ ነው።

ቫይረስን በተመለከተ ፎቶኮፒ ቤቶችን አጥብቄ እለምናለሁ። በቀን የብዙ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ማሽን የከተማው ሁሉ መተላለፊያ ነው። ዊንዶውስ ዲፌንደር ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የመጣ ነው፤ አታጥፉት። ደንበኛ ፍላሹን ሰክቶ ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ሲያገኝ «ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» አትበሉት። ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ከፎልደር ኦፕሽን ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ምረጡ፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት አንሱ፤ ትክክለኛዎቹ ሰነዶች ብቅ ይላሉ። ሾርትከቶቹን ሳትነኩ ሰነዶቹን ቅዱ፣ በዲፌንደር ፈትሹ፣ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይሁን። የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ይተርፋል።

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ ቆሞበታል። ዊንዶውስ 11ን የማይሸከም አሮጌ ማሽን ላይ ሊኑክስ ሚንትን መጫን ይቻላል፤ እዚህ የጠቀስኳቸው አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች እዚያም አሉ።

ኢንተርኔቱ ሲኖር ካርዱ በፍጥነት እንዳያልቅ ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጂን የተባለውን ተጨማሪ አካል ጫኑ። ማስታወቂያውን ከመውረዱ በፊት ስለሚያቆመው ገጹም ቶሎ ይከፈታል፣ ፓኬጁም ይቆያል። «አውርድ» የሚሉ አታላይ ቁልፎችንም አብሮ ይቀንሳል። ኢንተርኔት በሌለበት ደግሞ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፋይል ለማስተላለፍ ሎካልሴንድ ይበቃል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ዋይፋይ ወይም በስልኩ ሆትስፖት ላይ ይሁኑ እንጂ ዳታ አይቆጥርም። የታመቀ ፋይል ለመክፈት ሰቨን ዚፕ፣ ለቪዲዮ ቪኤልሲ፤ ስለ ሁለቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ስለ ትምህርት ቤቶች ግን ሳልናገር አላልፍም። ሞላሌ ወይም ግሼ ራቤል ያለ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኖሮት ኢንተርኔት ባይኖረው ክፍሉ ባዶ አይደለም። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ሙሉ በሙሉ ከኢንተርኔት ውጪ ያስነብባል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ትንሽ ስለሆነ በተራ ፍላሽ ይያዛል፤ የእንግሊዝኛው ሙሉ ቅጂ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ለእሱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋል። በዚያው በኪዊክስ ፌት የተባሉት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማሳያዎች ይገኛሉ፤ ቤተ ሙከራ የሌለው መምህር የኤሌክትሪክ ዑደትን በስክሪን እየገጣጠመ ማሳየት ይችላል። ይህን በአንድ ማሽን ላይ ጭኖ ለሌሎቹ በፍላሽ ማባዛት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ለተማሪዎቹ ግን ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ መጫኛው እጁ ላይ ያልነበረ ሰው ምንም ማድረግ አልቻለም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ስትሄዱ፣ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ቁጭ ብላችሁ፣ ኪይማንን፣ ሊብሬ ኦፊስን፣ ናፕስ2ን ከነአማርኛው፣ ኪዊክስንና የቀሩትን ከየአዘጋጆቻቸው ድረ ገጽ አውርዱ፤ «ነጻ ማውረጃ» ከሚሉ ሌሎች ገጾች አትውሰዱ። በአንድ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ለብቻው አስቀምጡት። የእነዚህ ሶፍትዌሮች ፈቃድ ማባዛትንና ማካፈልን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ለጎረቤት ቢሮ፣ ለቀበሌው ጸሐፊና ለትምህርት ቤቱ ስጡ።