ዘር ላይና ታቹን የሚለየው እንዴት ነው?

ባቄላ የሚዘራ ገበሬ እያንዳንዱን ፍሬ እያገላበጠ አያስተካክልም። አንዱ በጎኑ፣ ሌላው ተዘቅዝቆ ይወድቃል። ይሁን እንጂ የሁሉም ሥር ቁልቁል፣ የሁሉም ቡቃያ ሽቅብ ይሄዳል። የዚህን ምክንያት ማወቅ ለገበሬ ይጠቅማል።

በተክል ውስጥ ዕድገትን የሚመሩ ሆርሞን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከነዚህ አንዱ ኦክሲን ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ፣ የሣር ቡቃያ ጫፉ ሲሸፈን ወደ ብርሃን መታጠፉን እንደሚተው አሳዩ። በ1926 ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት ከአጃ ቡቃያ ጫፍ የሚወጣውን ንጥረ ነገር በረጋ ነገር ላይ አጠራቀመ። ይህንንም ጫፉ በተቆረጠ ቡቃያ አንድ ጎን ላይ ቢያኖረው፣ ቡቃያው በጨለማ ውስጥ ታጠፈ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተክል ሲጋደም በውስጡ ያሉ የስታርች ቅንጣቶች ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ኦክሲንም በታችኛው ጎን ይበዛል። በግንድ ላይ ይህ ጎን ፈጥኖ ስለሚረዝም ግንዱ ሽቅብ ይቀናል። በሥር ላይ ግን የበዛ ኦክሲን ዕድገትን ስለሚገታ የላይኛው ጎን ይረዝማል፤ ሥሩም ቁልቁል ይታጠፋል። ብርሃን ከአንድ ወገን ሲመጣ ደግሞ ኦክሲን ወደ ጥላው ጎን ስለሚያልፍ ተክሉ ወደ ብርሃን ያዘነብላል።

ይህን በቤታችሁ ሞክሩት። ባቄላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሥር ሲያወጣ፣ ሥሩን ሽቅብ አዙራችሁ አስቀምጡት። ጨርቁ ካልደረቀ የሥሩ ጫፍ ቁልቁል ሲመለስ ታያላችሁ።

ስለዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ።

1ኛ/ የዘሩን ጥልቀት ጠብቁ። ቡቃያ ብርሃን እስኪያገኝ ድረስ የሚመገበው በፍሬው ውስጥ ያለውን ስንቅ ነው። እንደ ጤፍ ያለ ደቃቅ ዘር በጥልቅ ከተቀበረ፣ አቅጣጫውን ባይስትም ስንቁ በመንገድ ያልቅበታል።

2ኛ/ የቲማቲምና የበርበሬ ችግኝ ከተጠቀጠቀ ወይም ጥላ ከበዛበት፣ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይመዘዛል፤ ሲተከልም በቀላሉ ይወድቃል። ችግኙን አሳሱ፤ ጥላውንም ቀስ በቀስ አንሱ።

3ኛ/ ለጋ ስንዴ በነፋስ ቢጋደም በአንጓው ታጥፎ ሊነሣ ይችላልና ሰውም ከብትም እንዳይረግጠው ጠብቁ።

አቅጣጫውን ተክሉ ራሱ ያገኘዋል፤ ጥልቀቱንና ብርሃኑን ማስተካከል ግን የገበሬው ሥራ ነው።