ከአባቶች ሕንጻ ምን እንማር?
(የአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ንድፍ አሠራር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ንጉሥ ዳዊት ቤተ መቅደሱን ራሱ እንዲሠራ ባይፈቀድለትም፣ የሕንጻውን ንድፍ ለልጁ ለሰሎሞን እንደ ሰጠው በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 28 እናነባለን። ከዚህ የምንረዳው ሕንጻ ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት በሐሳብ እንደሚጀመር፣ ያም ሐሳብ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ርስት መሆኑን ነው። የሥነ ሕንጻ ተማሪ እንደ መሆኔ፣ ለትምህርት ልምምድ በቦሌ ቡልቡላ 200 ወጣቶችን የሚይዝ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ስነድፍ የተከተልሁትን መንገድ መነሻ አድርጌ፣ ከቀደሙት ሠሪዎች እንዴት መማር እንደሚገባን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጉዳዩ ሁላችንንም የሚመለከት ነው። ቡልቡላ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የእርሻ መሬት ነበረ። ዛሬ ኮንዶሚኒየምና ቪላ ሞልቶበት ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ ይኖርበታል። እዚህ የሚያድግ ልጅ አክሱምንም ላሊበላንም ሳያይ ሊያድግ ይችላል፤ የሚማርበትን አዳራሽ ግን በየሳምንቱ ያያል። አዳራሹ የሚሠራውም ከምእመናን በሚሰበሰብ ገንዘብ ስለሆነ፣ እንደዚያች መበለት ካላት ላይ የሰጠች እናት ድርሻ አለበት። ስለዚህ ያለ ሐሳብ የሚባክን ሲሚንቶ ሊኖር አይገባም።

1. ቦታውን ማወቅ

ንድፍ የሚጀምረው ከወረቀት ሳይሆን ከመሬቱ ነው። የቦሌ አካባቢ አፈር በብዛት ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ በላዩ የቆመውንም ግድግዳ አብሮ ይሰነጥቀዋል። ጌታችን ስለ ሁለቱ ቤት ሠሪዎች የነገረንን ምሳሌ (ማቴዎስ ምዕራፍ 7) ለሚያስታውስ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለሆነም አፈሩ አስቀድሞ ተመርምሮ፣ ዋልካው ተጠርጎ በገረጋንቲ መተካት ወይም መሠረቱ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ መውረድ ይኖርበታል። ገንዘቡ ለዕይታ ሲባል ከመሠረቱ ተቀንሶ ለፊት ለፊቱ ጌጥ እንዳይውል መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። በአዲስ አበባ ፀሐይ በቀትር ወደ ዐናታችን ትቀርባለች፤ ጠዋትና ማታ ግን ዝቅ ብላ ከምሥራቅና ከምዕራብ ትገባለች። በመሆኑም የአዳራሹን ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አድርጌ፣ መስኮቶቹን በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ላይ አበዛሁ። ይህ ፊትን ወደ ምሥራቅ መልሶ ከመጸለይ ሥርዓታችን ጋርም ይስማማል። ሦስተኛው ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚመጣው ድምፅ ነው። በዚያ ወገን ያለው ግድግዳ ወፍራም፣ መስኮቱም ጠባብ እንዲሆን ግድ ይላል።

2. የጥንቱን ቅርጽ ምክንያት መጠየቅ

የአክሱም ሠሪዎች ግድግዳ ሲያቆሙ ድንጋዩን በጭቃ እየደረደሩ በየመካከሉ አግዳሚ እንጨት ያስገቡ ነበር። አግዳሚዎቹን ደግሞ በአጫጭር እንጨቶች ያስሯቸዋል። ከግድግዳው ወጥቶ የሚታየው የአጫጭሮቹ እንጨቶች ጫፍ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል፤ ሥራው ግን ግድግዳው እንዳይከፈት ማሰር ነው። ይህን አሠራር በደብረ ዳሞ እናገኘዋለን። ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስም እንጨቱና በኖራ የተለሰነው ድንጋይ ተራ በተራ ሲነባበሩ ይታያል።

ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው የቆመው የአክሱም ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው። በእርሱም ላይ በር፣ መስኮትና የዝንጀሮ ራስ ተቀርጾበታል፤ ማለትም የእንጨቱ ቤት በድንጋይ ተተረጐመ። በላሊበላ ቤተ አማኑኤልን ስናይ ገባና ወጣ እያሉ ግድግዳውን የሚዞሩት መስመሮች ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ንብብር በአንድ ዐለት ላይ ይደግሙታል። እንግዲህ አባቶቻችን የቀደመውን ተቀብለው ከጊዜያቸውና ከያዙት ዕቃ ጋር አስማምተውታል።

እኛስ? በሲሚንቶ የተሠራ የዝንጀሮ ራስ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ብንለጥፍ ምንም አያስርም። በንድፌ ያደረግሁት ግን በጥርብ ድንጋዩ ግድግዳ መካከል በየአንድ ሜትር ተኩሉ ብረት ያለበት የኮንክሪት ማሰሪያ ማዞር ነው። ይህ የጥንቱ አግዳሚ እንጨት ይሠራው የነበረውን ሥራ ይሠራል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ግድግዳን የማሰር ጥቅም ለሁላችንም ግልጽ ሆኗል።

ከክብ አብያተ ክርስቲያናትም የምንማረው አለ። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ የሚለው አከፋፈል የቤተ ክርስቲያን ነውና ወደ አዳራሽ አይወሰድም። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ ሕዝቡን ከፀሐይና ከዝናብ የሚያስጠልለው ዙሪያ ግን ለአዳራሽም ይበጃል። በዚህ ምክንያት በደቡብ በኩል ሕፃናት የሚማሩበት ሰፊ በረንዳ አወጣሁ።

3. ከታወቁ አርክቴክቶች መማር

አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ቤት ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ የሚቀበለን 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ነው። እዚያ ብርሃን ራሱ ያስተምራል። ለእኛ ባለ ቀለም መስታወት ውድ ቢሆንም፣ ከአስተማሪው ጀርባ ሳይሆን ከጎንና ከላይ የሚገባ ብርሃን መጽሐፍ ለሚያነብ ልጅ ትልቅ ስጦታ ነው።

አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ የጥንታዊቷን አዲስ አበባ ቤቶች በማጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ከዴኒ ዤራር ጋር መጽሐፍ አሳትመዋል። ከዚህ የምንወስደው አዲስ ነገር ከመፍጠር በፊት ያለውን ማየት፣ መለካትና መዝግቦ መያዝ እንደሚገባ ነው።

ግብፃዊው ሐሰን ፈትሒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርናን በጭቃ ጡብ ሠራ። የጥንት የኑቢያ ግንበኞችን ጥበብ ተከትሎ ያለ እንጨት ድጋፍ ቅስት ጣሪያ አቆመ። ሥራው በዓለም ተደነቀ፤ ይሁን እንጂ የጉርና ሰዎች አብዛኞቹ ከቀድሞ መንደራቸው ለመልቀቅ አልፈለጉም፣ መንደሩም ሳያልቅ ቀረ። ያማረ ሥራም ቢሆን የሚኖሩበት ሰዎች ፈቃድ ካልተጨመረበት ሙሉ አይሆንም።

4. መሳል፣ ሞዴል መሥራት፣ ማሳየት

ለአንድ ሰው ከነመተላለፊያው አንድ ካሬ ሜትር ያህል ብናስብ ለ200 ሰው 200 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 12 በ18 ሜትር፣ ማለትም 216 ካሬ ሜትር ወሰድሁ። በ1፡50 መስፈርት ከካርቶን የተሠራው ሞዴል 24 በ36 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሞዴሉን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ብርሃኑ በየሰዓቱ የት እንደሚያርፍ መመልከት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ሞዴሉን ለሚጠቀሙበት ሰዎች ማሳየት ነው። የመዝሙር ክፍል ወጣቶች ለከበሮ ማስቀመጫ ደረቅ ክፍል እንዲኖር ጠየቁ፤ እርጥበት የከበሮውን ቆዳ ያላላዋልና። እናቶች ደግሞ የሕፃናቱ በር ከመኪና መግቢያው እንዲርቅ አሳሰቡ። ሁለቱም በንድፉ ውስጥ ገቡ። ይህን የሚነግር መጽሐፍ የለም፤ የሚነግሩን ወገኖቻችን ናቸው።

ማጠቃለያ

ወንድሞችና እኅቶች፣ አባቶችን ማክበር ማለት የሠሩትን ቅርጽ ገልብጦ መለጠፍ አይደለም። ለምን እንደዚያ እንደ ሠሩ መጠየቅ፣ ምክንያቱን መረዳት፣ በእጃችን ባለው ዕቃም በታማኝነት መሥራት ነው። ይህ ለሕንጻ ብቻ ሳይሆን ለመዝሙሩም፣ ለትምህርቱም፣ ለሕይወታችንም ይሆናል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

ሀ/ በአጥቢያችን ካሉት ሕንጻዎች አንዱን መርጣችሁ፣ ለጌጥ ብቻ የተደረገውንና ሥራ ያለውን ለዩ።
ለ/ ቤት ለመሥራት ወጪን አስቀድሞ ማስላት ለምን ያስፈልጋል? (ሉቃስ ምዕራፍ 14ን አንብቡ።)
ሐ/ ከአባቶች የተቀበልነው፣ ምክንያቱን ግን ገና ያልጠየቅነው ነገር ምን አለ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።