ስልክ የሚፈታው ሒሳብ

የሒሳብ ጥያቄን ደረጃ በደረጃ እየፈቱ የሚያሳዩ መሣሪያዎች ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ ይገኛሉ። ጥያቄውን በስልኩ ካሜራ ማንሳት ወይም ጽፎ ማስገባት ይበቃል። መሣሪያው መልሱን ብቻ ሰጥቶ አይተውም፤ መጀመሪያ ምን እንደተቀነሰ፣ ቀጥሎ ለስንት እንደተካፈለ መስመር በመስመር ያሳያል። ዎልፍራም አልፋ የሚባለው በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተጀመረ። ፎቶማዝ የሚባለው ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ከክሮኤሺያ ወጣ፤ በኋላ ጉግል ገዝቶታል።

ይህን ሁሉ “ኩረጃ ነው” የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ሰው፣ ወይም አስጠኚ መቅጠር የማይችል ቤተሰብ ልጅ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጥያቄ ቢቸግረው ማንን ይጠይቅ? ስልኩ እኮ አይሰለችም፣ አይቆጣም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

በምሳሌ እንየው። ፒያሳ፣ ዓድዋ ድል መታሰቢያ አካባቢ፣ 3 ጓደኛሞች አንድ ካፌ ገቡ እንበል። 3 ማኪያቶና 1 ኬክ አዘዙ። የኬኩ ዋጋ 80 ብር ነው። ሒሳቡ በጠቅላላው 230 ብር መጣ። የአንዱ ማኪያቶ ዋጋ ስንት ነው? ያላወቅነውን ዋጋ “ሀ” እንበለው።

3 × ሀ + 80 = 230
3 × ሀ = 230 − 80 = 150
ሀ = 150 ÷ 3 = 50

ማኪያቶው 50 ብር ነው። ስልኩም እንዲሁ ያሳያል። ታዲያ 80 ለምን አስቀድሞ ተቀነሰ? በ230 ብር ውስጥ ያለው ኬክ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። የኬኩን ዋጋ ስናወጣ የሚቀረው የማኪያቶ ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለ3 ማካፈል ይቻላል።

አሁን ደግሞ አንድ ተማሪ ቸኩሎ እንዲህ ብሎ ለስልኩ ሰጠው እንበል፦

3 × (ሀ + 80) = 230

ይህ ማለት 3ቱም ሰዎች አንዳንድ ኬክ በሉ ማለት ነው። ስልኩ ካፌ አልገባ፣ ኬኩን አላየ። ዝም ብሎ ይፈታል፦

ሀ + 80 = 76.67
ሀ = −3.33

ደረጃው ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድም የስሌት ጉድለት አይገኝበትም። መልሱን ግን እስቲ ወደ ካፌው ይዛችሁት ሂዱ። አንድ ማኪያቶ በጠጣችሁ ቁጥር አስተናጋጇ 3 ብር ከ33 ሳንቲም ትሰጣችኋለች ማለት እኮ ነው! እንዲህ ያለ ካፌ ፒያሳ ድሮም አልነበረም።

ስልኩ የሚፈታው የተጻፈለትን ነው። ስንት ኬክ እንደተበላ አውቆ በቁጥር የሚያስቀምጠው ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄውን ራሳችሁ በወረቀት ሞክሩ። ካቃታችሁ ስልኩን ክፈቱና የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቡ፤ የቀረውን በእጃችሁ ሸፍኑት። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣና ለምን እንደሚመጣ ተናገሩ፤ ከዚያ ግለጡት። መጨረሻ ላይ መልሱን ወደ ጥያቄው መልሱት፦ 3 ጊዜ 50፣ 150፤ ሲደመር 80፣ 230። ገጠመ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የተሰጠው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ነበር፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። ከ100 ተፈታኝ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህል ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉ በስልክ አይሳበብም። ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ የስልክ መስመር ሲገለብጥ የከረመ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን ይዞ ይቀመጣል?

መልመጃ፦ አንዲት እናት 5 ደብተርና 1 እስክሪብቶ ገዝተው 270 ብር ከፈሉ። የእስክሪብቶው ዋጋ 20 ብር ነው። የአንዱ ደብተር ዋጋ ስንት ነው? ስልክ ሳትከፍቱ ሥሩት፤ 20 ለምን እንደሚቀነስም አጠገባችሁ ላለው ሰው አስረዱ።