«ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ለድብርት ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም መውሰድ ከጀመርኩ ወራት ሆኖኛል። ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ «ከኬሚካል ይሻላል፣ ቅጠል ነው» ብላ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል እንክብል ገዝታ ሰጠችኝ። ሁለቱንም ስወስድ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ሆዴም ተረብሿል። ኪኒኑን ትቼ በቅጠሉ ልቀጥል?

መልስ፦ የሚተወው ቅጠሉ ነው፤ ያውም ዛሬውኑ። የሚቀጥለውን ሰርትራሊን ከመዋጥዎ በፊት ደግሞ ላዘዘልዎት ሐኪም ይደውሉ። በራስዎ ፈቃድ ግን ጨርሰው አይተዉት፤ በድንገት ሲቋረጥ ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ድብርቱም ሊያገረሽ ይችላል።

ሁለቱም አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ይጨምራሉ። ሲደራረቡ መጠኑ ከልክ ያልፋል። የነገሩኝ ምልክቶች ሁሉ ከዚህ ጋር ይገጥማሉ።

የአክስትዎ ልጅ ክፉ አላሰቡም። ተክሉ (የአገራችን ደጋ አሜጃ ዘመድ ነው) ቀለል ላለ ድብርት እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል፤ ጀርመን ውስጥ ሐኪሞች ያዙታል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫል። አሜሪካ ውስጥ ግን በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ እንክብሎች እንደ መድኃኒት ቀድመው ሳይመረመሩ መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ።

ሌላም ጣጣ አለው። ጉበት መድኃኒቶችን ቶሎ ሰባብሮ እንዲያስወጣ ያደርጋል። በ2000 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ ተክሉ ኢንዲናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ስለታወቀ ነው። የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪንም ኃይሉ ይደክማል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ያልታሰበ እርግዝና ሊመጣ ይችላልና ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ይህ ውጤት እንክብሉ ከቆመ በኋላም እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

ዳማከሴና ጤና አዳም ጠጥተን ለሐኪም የምንናገር ጥቂቶች ነን፤ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ስንባል ቅጠሉን አንቆጥረውም። እርስዎ ብልቃጡን ይዘው ይሂዱና ያሳዩ። ትኩሳት ከመጣ፣ ጡንቻዎ ከገተረ ወይም ንግግርዎ ከተዘባረቀ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ 911 ይደውሉ።