የባለ ሙያ የሕይወት ታሪክ፤ ሠዓሊና ቀራጺ አፈወርቅ ተክሌ

ሀ. መንደርደሪያ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጉና ተራራ ዙሪያ ያሉትን ገጠሮች የሚጎበኝ ሰው በጽድና በወይራ የተከበቡ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ያገኛል። ከብዙዎቹ ውስጥ ቢገባ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ ያያል። ሥዕሉ ብዙውን ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ከሥዕሉ ግርጌ ገንዘቡን አውጥቶ ሥዕሉን ያሠራው ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ይታያል፤ ስሙም ተጽፎ ይገኛል። የሠዓሊው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም።

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ጋፋት የምትባል ስፍራ አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. አውሮፓውያን ባለ እጆችን በዚያ አስፍረው መሣሪያ ያሠሩ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ በ1859 ዓ.ም. ገደማ ብረቱ ቀልጦ የተሠራው በዚህችው ስፍራ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ይህ መድፍ ገደልና ወንዝ እያቋረጠ፣ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ይገኛል። በጋፋት ከሠሩት አውሮፓውያን አንዱ የነበረው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን ራሱ ስለ ጻፈ ማን እንደ ነበረ እናውቃለን። መንገዱን የጠረጉትና ገመዱን የጎተቱት ኢትዮጵያውያን ግን የአብዛኞቹ ስም ከነርሱ ጋር ተቀብሯል።

የሠዓሊውም ሆነ የሠራተኛው ስም የጠፋው ሥራቸው ስላነሰ አይደለም፤ የሚጽፍላቸው ስላልነበረ ነው። ለዚህም አንዱ ምክንያት በእጅ ሥራ ላይ የነበረው ንቀት ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ሠርተው ያለበሱትና ያበሉት ሕዝብ መልሶ ይሰድባቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ ቢያስነግሩም፣ ንቀቱ በአንድ ዐዋጅ የሚነቀል አልነበረም።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት የአንድ ባለ ሙያ የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ እንመለከታለን። ለምሳሌ የመረጥነው የሠዓሊና የቀራጺ አፈወርቅ ተክሌን ታሪክ ነው። ምንባቡን በጥሞና አንብቡ፤ ጸሐፊው ስለ ሰውየው ምን እንደ መረጠና በምን ቅደም ተከተል እንዳቀረበው አስተውሉ።

ለ. ምንባብ

አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በአንኮበር ተወለዱ። ሦስተኛ ዓመታቸውን እንደ ያዙ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገሪቱን ስለ ወረረ የሕፃንነታቸው ዘመን በጦርነት ውስጥ አለፈ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ አገሪቱ መንገድ የሚቀይስ፣ ድልድይ የሚሠራ፣ ማዕድን የሚያወጣ የተማረ ሰው ትሻ ነበር። ስለዚህም አፈወርቅ የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ በ1940 ዓ.ም. ገደማ የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ።

በዚያም ሳሉ ዝንባሌያቸው ወደ ሌላ ሙያ መሆኑ ታወቀ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሥዕል መሣል ይወዱ ነበርና መምህራኖቻቸው ተሰጥኦውን ተመልክተው አበረታቷቸው። አፈወርቅም ምሕንድስናውን ትተው በለንደን ከተማ በሚገኘው ማዕከላዊ የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቀጥሎም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና ሥነ ሕንፃን ተማሩ። ውሳኔው ቀላል አልነበረም። መሐንዲስ ሆኖ የተመለሰ ሰው ሥራው አስቀድሞ ይጠብቀዋል፤ ሠዓሊ ሆኖ የተመለሰ ግን ሥራውን ራሱ መፍጠር፣ ጥቅሙንም ለሕዝብ ማስረዳት ነበረበት።

አፈወርቅ ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው በመመለስ በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሥዕል ኤግዚቢሽን አሳዩ። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ ረክተው አልተቀመጡም። እንደ ገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው ሁለት ዓመት ያህል በኢጣልያ፣ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በሌሎችም አገሮች እየተዘዋወሩ የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ መረመሩ፤ በባለ ቀለም መስታወት የሚሠራውንም የሥዕል ዓይነት አጠኑ።

በዚህ ጉዞ የፈጸሙት አንድ ተግባር በተለይ ሊታወስ ይገባዋል። በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው የኢትዮጵያን ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች ገጽ በገጽ ተመለከቱ። በለንደን ካሉት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የወሰዳቸው ናቸው። እንደዚህ ሆኖ በአንኮበር የተወለደው ሠዓሊ የአባቶቹን የቀለም አጣጣልና የመሥመር አወጣጥ ከባሕር ማዶ ተማረ። የውጭውን ጥበብ ባጠኑበት ከተማ የአገራቸውንም ጥበብ ማጥናታቸው ለኋላ ሥራቸው መሠረት ሆነ። በሥራዎቻቸው ውስጥ ከአውሮፓ ያገኙት የአሣሣል ስልት ከኢትዮጵያውያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ጠባይ ጋር ተዋሕዶ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ታላላቅ ሥራዎች ተከታተሉ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ውስጥ የግድግዳ ሥዕሎችን ሣሉ። በሐረር ከተማ በፈረስ ላይ የተቀመጡትን የልዑል ራስ መኮንንን ሐውልት ሠሩ። የመስቀል አበባና እናት ኢትዮጵያ የተባሉት ሥዕሎቻቸውም በሕዝብ ዘንድ እጅግ የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሥነ ጥበብ ሽልማት ተሰጣቸው።

ከሁሉ በላይ ስማቸውን ያስጠራው በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የመስታወት ሥዕል ነው። ይህ ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በሦስት መስኮቶች የተከፈለ ነው። የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የዘመኑን የነጻነት ተጋድሎና የወደፊቱን ተስፋ ያሳያል። ብዙ የአፍሪካ አገሮች በቅኝ ግዛት ሥር በነበሩበት ወይም ነጻነታቸውን ገና በተቀዳጁበት ጊዜ የተሠራ ስለ ሆነ ለተመልካቹ የሩቅ ታሪክ ሳይሆን የዕለት ጉዳይ ነበር። የመስታወት ሥዕል ከሸራ ሥዕል ይለያል። በሸራ ላይ ብርሃን ያርፋል፤ በመስታወት ውስጥ ግን ብርሃን ያልፋል። ስለዚህ ሠዓሊው ቀለሙን ብቻ ሳይሆን የፀሐይንም መውጣትና መግባት አስቦ መሥራት አለበት።

የቀራጺ ሥራም እንደዚሁ ትዕግሥትን ይጠይቃል። የነሐስ ሐውልት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ንድፉን በወረቀት ያወጣል፤ ከዚያም ምስሉን በጭቃ ወይም በሌላ ለስላሳ ነገር ቀርጾ ቅርጽ ማውጫ ያበጅለታል፤ በመጨረሻም የቀለጠ ብረት በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል። በጋፋት መድፍ የተሠራበት ዘዴና ሐውልት የሚሠራበት ዘዴ ዘመዳሞች ናቸው። ዓላማቸው ይለያይ እንጂ እሳቱና ድካሙ አንድ ነው።

አፈወርቅ በአዲስ አበባ ራሳቸው ነድፈው ባሠሩት ቪላ አልፋ በተባለ ቤት ውስጥ እየኖሩ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሠሩ። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው ዐርፈው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

የሥራዎቻቸው ዕድል ግን አንድ ዓይነት አልሆነም። የሐረሩ ሐውልት በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ተገርስሶ ወደቀ። የአፍሪካ አዳራሽ ደግሞ ከነመስታወት ሥዕሉ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተመረቀ። አንዱ ወደቀ፤ አንዱ ታደሰ። ብረትም ቢሆን ለዘለዓለም አይቆምም፤ መስታወትም ቢሆን ጠባቂ ካገኘ ከብረት ይልቅ ይቆያል። ሐውልቱን ያላየ ልጅ ሐውልቱ እንደ ነበረና ማን እንደ ሠራው ሊያውቅ የሚችለው ከተጻፈለት ብቻ ነው።

ሐ. የሰዋስው ማስታወሻ

የሕይወት ታሪክ የድርጊት ተከታታይነት የሚታይበት ጽሑፍ ነው። ይህንንም ተከታታይነት ለመግለጽ አማርኛችን ቦዝ አንቀጽን ይጠቀማል። ቦዝ አንቀጽ ድርጊቱን ይነግራል እንጂ ዐረፍተ ነገሩን አይዘጋም፤ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ማሰሪያ አንቀጽ ነው።

ምሳሌ፤ «አፈወርቅ ምሕንድስናውን ትተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ።»

በዚህ ዐረፍተ ነገር «ትተው» ቦዝ አንቀጽ፣ «ገቡ» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። መተው ቀድሞ መግባት እንደ ተከተለ እንረዳለን። የሁለቱም ባለቤት አንድ ነው።

በአጠቃቀሙ ረገድ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ።

አንደኛ፤ ቦዝ አንቀጽን ያለ መጠን መደርደር። «ተወልደው፣ አድገው፣ ተምረው፣ ተመልሰው፣ ሥለው፣ ተሸልመው ዐረፉ» ብሎ የጻፈ ተማሪ የአንድን ሰው ዕድሜ በአንድ ትንፋሽ ጨርሶታል። አንባቢው የትኛው ድርጊት ታላቅ፣ የትኛው ታናሽ እንደ ሆነ አይለይም። ዋና ዋናው ድርጊት የራሱ ማሰሪያ አንቀጽ ይኑረው።

ሁለተኛ፤ አክብሮትን ማዛባት። «ወደ እንግሊዝ ሄደው ተማረ» ማለት ስሕተት ነው። «ሄደው ተማሩ» ወይም «ሄዶ ተማረ» መባል አለበት። በአንቱታ የተጀመረ ታሪክ በአንቱታ ይፈጸማል። ይሁን እንጂ ከምንባቡ አራተኛ አንቀጽ ውስጥ «በአንኮበር የተወለደው ሠዓሊ ... ተማረ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። በዚያ ስፍራ ባለቤቱ የሰውየው ስም ሳይሆን «ሠዓሊ» የሚለው የሙያ ስም ስለ ሆነ አንቀጹ ከርሱ ጋር ተስማምቷል።

መ. የድርሰት መመሪያ

የባለ ሙያ ታሪክ ስትጽፉ የሚከተሉትን ነጥቦች ጠብቁ።

1. በምስጋና አትጀምሩ። «ታላቅ፣ ዝነኛ፣ ተወዳዳሪ የሌለው» የሚሉ ቅጽሎች ለአንባቢው ምንም አያሳዩትም። በምንባቡ ውስጥ ሠዓሊው የብራናውን ሥዕል ገጽ በገጽ መመልከታቸው ትጋታቸውን ያስረዳል፤ «ትጉህ ነበሩ» ማለት አላስፈለገም።

2. የውሳኔ ጊዜን ፈልጉ። በማንኛውም ሰው ሕይወት ሁለት መንገድ የታየበት ቀን አለ። ያን ቀን ዘርዝራችሁ ጻፉ።

3. ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አስረዱ። የእጅ ሥራን የሚንቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሠራሩን የማያውቅ ሰው ነው።

4. የሰማችሁትንና ያያችሁትን ለዩ። «ይባላል» የሚለውን ቃል በቦታው ተጠቀሙ።

5. ደግም ይሁን ክፉ የደረሰውን አትደብቁ። የሐውልቱ መውደቅ ከታሪኩ ቢቀር ጽሑፉ ውዳሴ እንጂ ታሪክ አይሆንም ነበር።

ሠ. መልመጃ

አንድ፤ የሚከተሉትን ቃላት ትርጉማቸውን ከምንባቡ አግባብ ተረድታችሁ በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር አግቡ፤ ባለ እጅ፣ ተሰጥኦ፣ ዝንባሌ፣ ንድፍ፣ ተዋሐደ፣ ተገረሰሰ።

ሁለት፤ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

(ሀ) አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላኩት ምን እንዲማሩ ነበር? ለምንስ?

(ለ) የመስታወት ሥዕል ከሸራ ሥዕል የሚለየው በምንድን ነው?

(ሐ) በመንደርደሪያው ስለ ዋልድማየር የተነገረው ነገር በምንባቡ መጨረሻ ካለው ሐሳብ ጋር እንዴት ይዛመዳል?

ሦስት፤ ከምንባቡ ውስጥ ስድስት ቦዝ አንቀጾችን አውጥታችሁ የየአንዳንዳቸውን ማሰሪያ አንቀጽ አመልክቱ።

አራት፤ በምትኖሩበት ቀበሌ ካሉት ባለ ሙያዎች አንዱን ምረጡ። ሠዓሊ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ብራና ፋቂ ወይም አናጢ ሊሆን ይችላል። ሥራው ዘንድ ሄዳችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ «ሙያውን ከማን ተማሩት? ለመተው ያሰቡበት ጊዜ ነበር? በእጅዎ ከሠሩት ሁሉ የትኛው ዛሬ አለ?» በሉ። የነገሩአችሁን ይዛችሁ ሁለት ገጽ የሚሆን ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው መሥመር የባለ ሙያውን ሙሉ ስም ጻፉ።